የጦቢያ ቀይ አልጋ

«ጦቢያ ልታገባ ነው» የሚለው ወሬ ብሎካችንን ያዳረሰው እኛ ከፈርኒቸር ቤት ሳንመለስ ነው። ማን አይቶን ለማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ላንቻ፣ ኮንዶሚኒየማችን በር ስንደርስ ግን የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀር ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። ጦቢያ «ምን አገኘሁ ደግሞ?» ብላው ደረጃውን ያዘች።

እኔ ዙለይካ እባላለሁ። እዚያው ብሎክ ምድር ቤት መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ጦቢያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ የተረከብነው አንድ ቀን ስለሆነ ከጎረቤትም በላይ ነን። ወሬው የተነሳ ቀን ያደረገችውን ሁሉ አብሬያት ሆኜ አይቻለሁና ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔ ብናገረው ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ ነው። ጦቢያ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፤ ጡረታ እስክትወጣ በጸሐፊነት የሠራችበት መሥሪያ ቤትም እዚያው ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ባሏን ጋሽ ቢቂላን እያስታመመች ስለነበር ሄዳ አላየችውም። ከዚያ እሳቸው አረፉ። ሙት ዓመታቸው ወጥቶ ጥቁር ልብሷን በለወጠች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጥታ «ነይ እስቲ፣ ሰፈሬን አብረን እንየው» አለችኝ። መቀሴን አስቀምጬ ተከተልኳት።

ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ገና ሥር ያልያዙ ዘንባባዎች። የቆርቆሮ አጥሮቹ የሉም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው መተላለፊያ የለም። ጦቢያ «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» ልትለኝ እጇን አነሳች። ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረችው። ከዚያ ወደ ግራ። ከዚያ አወረደችው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ሦስት እህትማማቾች አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው» አለችኝ። «እኔ መሀል። የአንዷ ክርን ጎኔ ላይ፣ የሌላዋ እግር ፊቴ ላይ። ከዚያ አገባሁና የቢቂላ እናት አልጋ ላይ ገባሁ።»

ያንን አልጋ አውቀዋለሁ። የዋንዛ እንጨት ነው፤ ራስጌው ላይ የወይን ሐረግ የተፈለፈለበት፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ጀርባ ሲያስደግፉበት አጥንት የሚቆረቁር። ጋሽ ቢቂላ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን አልጋው የእናታቸው ስለሆነ በቃ አይነካም ነበር። ጦቢያ አንሶላ ስትቀይር እንኳ «ቀስ በይ» ይሏታል። በኋላ ስትሮክ መቷቸው ግማሽ ጎናቸው ሲሰንፍ፣ አልጋው ጠቅላላ የሳቸው ሆነ። እሷ ሲያቃስቱ እንድትሰማ ከሥሩ ወለል ላይ ስስ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ጀመር። ይሄ ዓመታት ቆየ። ሲሞቱ ደግሞ ያው ፍራሽ ወደ ሳሎን ተጎትቶ ለቅሶ ተቀመጠችበት።

«ዙሊ፣ እኔ እኮ የምተኛበትን ነገር በራሴ መርጬ አላውቅም» አለች። ዘንባባዎቹን ነበር የምታየው። ትንሽ ቆይታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ብድግ አለች። «ተነሺ። አልጋ ልንገዛ ነው።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! ደምበል ጋ አይደል የሚሸጠው?»

በባምቢስ ወርደን፣ መስቀል አደባባይን ተሻግረን ደምበል ድረስ በእግራችን ሄድን። ጉልበቴን እያለች ደረጃ የምታማርር ሴት ያን ሁሉ መንገድ ከፊቴ ከፊቴ ስትሄድ እኔ ነኝ ቁና ቁና የተነፈስኩት።

ፈርኒቸር ቤቱ ውስጥ የተቀበለን ሻጭ ናኦድ ይባላል። ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ትህትናው የበዛ ወጣት ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ እናቶቼ! ለሰርግ ነው? የልጅዎ ነው?»

«ለእኔ ነው» አለች ጦቢያ።

«ኦኬ፣ ገባኝ። ለእንግዳ ክፍል ማለትዎ ነው።»

«እንግዳ አልጠራሁም። እኔ የምተኛበት።»

ናኦድ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ጥግ ወሰደን። እዚያ ጠባብ ጠባብ አልጋዎች ተደርድረዋል። «ለአንድ ሰው ሜትር ከሃያ አሪፍ ነው፤ ለማንጠፍም አይከብድዎትም። ቡኒው ደግሞ ቆሻሻ ይችላል። ማለቴ… ለእርስዎ የሚሆን ረጋ ያለ ከለር ነው።»

ጦቢያ ወደ ሱቁ መሀል ተመለሰች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ በዚያ ትልቅ መስታወት ከውጭ መንገደኛ እያያት የመጀመሪያው ትልቅ አልጋ ላይ ወጣችና እግሯን ዘርግታ ጀርባዋን ራስጌው ላይ አስደገፈች።

«ይሄ ደረቅ ነው።» ወረደች። ወደሚቀጥለው ወጣች። «ይሄ አጭር ነው፤ አንገቴን ማን ሊይዝልኝ ነው?» ወረደች። ሶፋ የሚመርጡ ባልና ሚስት መግዛታቸውን ትተው እሷን ያያሉ። ሴትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እኔ መጀመሪያ ላይ አፈርኩ፤ ቦርሳዋን ታቅፌ ግድግዳ ተጠጋሁ። በኋላ ግን ጦቢያ ማንንም ሳታይ ከአልጋ አልጋ ስትሄድ ሳያት ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት።

መስኮቱ አጠገብ የነበረው ሜትር ከሰማንያ ነው። ራስጌው ብንቆም ደረታችን ይደርሳል፤ ወፍራም ስፖንጅ የተሞላ፣ እነሱ ቬልቬት እኛ ከፋይ የምንለውን ጨርቅ የለበሰ። በዚያው ጨርቅ የተሸፈኑ ቁልፎች በሰልፍ ወደ ውስጥ ሰርጉደው ይዘውታል፤ በቁልፍና በቁልፍ መሀል ጨርቁ እንደ ዳቦ ኩፍ ኩፍ ብሏል። እኔ የጨርቅ ሰው ነኝና ቁልፎቹን ሳብ ሳብ አድርጌ አየሁ፤ ክሩ አይላላም፣ እጥፋቱ ንጹሕ ነው። ጦቢያ ወጣችና ጀርባዋን ሰጠችው። ዓይኗን ጨፈነች። ናኦድ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጄን አንስቼ ዝም አሰኘሁት። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ያን ያህል ዘመን ስንተዋወቅ የጦቢያ ትከሻ እንደዚያ ወርዶ አይቼ አላውቅም።

«ይሄ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እናቴ፣ ይሄኛው እንኳ ለጥንዶች ነው» አለ ናኦድ።

«ጥንዶች ሲተኙበት ቦታ ይተርፋቸዋል?»

«ያው… ልክ ይበቃቸዋል።»

«እኔ ደግሞ እንዲተርፈኝ ነው የምፈልገው።»

ለእይታ የቆመው አልጋ ግራጫ ስለነበር ቀለም መርጠን እንድናዝዝ የጨርቅ ናሙና ቀረበልን። አረንጓዴውን ገለጠችው፤ ሰማያዊውን ገለጠችው፤ የዛላ በርበሬ የሚመስለው ቀይ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ቀይ?» አልኳት፣ እኔው ራሴ። «ሙት ዓመታቸው ገና መውጣቱ እኮ ነው…»

«ጥቁሩን ለብሼ ጨርሻለሁ ዙሊ። ዓይኔን ቀለም ርቦታል።»

ቀዩ ታዘዘ።

እንዳልኩት ወሬው ከኛ ቀድሞ ላንቻ ገብቷል። እሁድ ከሰዓት ጦቢያ «ነይ ውጪ፣ ሊመጡብኝ ነው» ብላ ደወለችልኝና ወጣሁ። ልጇ ዳግም፣ የዳግም ሚስት ልደት፣ የጋሽ ቢቂላ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዋቅጋሪ ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ ልውጣ ብል ጦቢያ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጋሽ ዋቅጋሪ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጦቢያ፣ የሰማነው ነገር እውነት ነው?»

«ምን ሰማችሁ?»

ዳግም ነው የቸኮለው። «እማዬ፣ በቃ ዝም ብለሽ ንገሪን። ሰውየው ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ አልጋው ነዋ!»

«ባለ አልጋዋ እኔ ነኝ።»

እስክታስረዳቸው ጊዜ ወሰደ። ባል የለም። የታጨ የለም። የታሰበም የለም። አልጋው ግን አለ፣ ሊመጣ ነው። ጋሽ ዋቅጋሪ ይሄን ሲሰሙ ይቀላቸዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባቸው።

«ብታገቢ እኮ ይገባናል» አሉ። «እንቆጣለን፣ ሽማግሌ እንልካለን፣ ወግ አለው። ባል የሌላት ሴት የሁለት ሰው አልጋ ገዛች ሲባል ግን ለሰው ምን ብለን ነው የምንመልሰው?»

«ተኛች በሏቸው።»

«የአባዬ አልጋ እያለ?» አለ ዳግም። «የአያቴ አልጋ! እንደሱ ዓይነት ዛሬ የትም አይገኝም።»

«ይኸው ውሰደው። ያንተ ነው። መፍቻ አምጥተህ ዛሬውኑ ፍታው።»

«እኔ የት አስቀምጠዋለሁ? ቤታችንን እያወቅሽው…»

«ከኔ ጋር ሲሆን ነው ቦታ የማይጠፋለት?»

ጋሽ ዋቅጋሪ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «ወንድሜ ታሞ የተኛበት፣ ነፍሱ የወጣችበት አልጋ ነው፣ ጦቢያ!»

«አዎ፣ ነው።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እኔ ግን እጄን የያዘው እጇ ሲጠነክር ተሰማኝ። «ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ሊጠይቁት ሲመጡ እግርዎ ሥር የነበረው ፍራሽ የማን ይመስልዎት ነበር? እንዲያውም አንድ ቀን ረግጠውታል፤ ትዝ ይልዎታል? ‹ይሄን ከዚህ አንሺው› ብለውኛል።»

ሰውየው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ቢቂላን አጥቤ፣ ገልብጬ፣ አጉርሼ ነው የሸኘሁት። አሁንም ቢሆን አደርገዋለሁ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ሀዘኔንም በወጉ ጨርሻለሁ። ወገቤ ግን አልጨረሰም።»

«እሺ፣ ሰው ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ወለል ላይ ስተኛ ሰው ምን አለ?»

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተቀመጡም። ዳግም ደረጃውን እየተቆጣ ወረደ። ልደት ግን በሩ ላይ ስትደርስ ወደ አማቷ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «እማ፣ ቀለሙ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ቀይ።»

ልደት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ባሏን ተከትላ ወረደች።

አልጋው የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ በአይሱዙ ተጭኖ። የሠራው ኢተፋ የሚባል ሰው ከሠራተኞቹ ጋር አብሮ መጥቷል። እግሮቹ፣ ጎንና ጎኑ፣ ርብራቡ፣ ፍራሹ ያለ ችግር ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ራስጌው ግን አንድ ወጥ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። አቆሙት፣ አጋደሙት፣ ከጣሪያ ጋር አስታከኩት፤ እምቢ አለ። ኢተፋ ላቡን እየጠረገ ወደኛ ወረደ።

«እትዬ፣ ደረጃው አያሳልፈውም። ወይ ወስደን መሀሉን ቆርጠን በማጠፊያ እናያይዘዋለን፣ ወይ አጠር አድርገን ሌላ እንሠራልዎታለን።»

ጦቢያ ወደ እኔ ዞረች። «ቢቆረጥ ይታወቃል?»

«ይታወቃል» አልኩ። «የቁልፎቹ ሰልፍ ይበላሻል።»

«አይቆረጥም፤ አያጥርም።»

«ታዲያ በየት ይግባ?» አለ ኢተፋ።

ጦቢያ ወደ ግቢው ወጣችና አንገቷን ቀና አድርጋ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን በረንዳዋን አየችው። «በሰማይ!» አለች።

ገመድ መጣ። ሁለት ሠራተኞች በረንዳው ላይ ወጡ፤ የብሎኩ ወንዶችም ሊያግዙ ተጨመሩ። ኢተፋ ማዕዘኖቹን በካርቶን ጠቅልሎ ራስጌውን ሲያስር፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ቡዜ ከበረንዳዋ አንገቷን አስግጋ «እንዲያው በብርድ ልብስ ሸፍኑት ምናለበት፣ ሰው ሁሉ እያየ!» አለች።

«ምን ሰረቅሁና ነው የምሸፍነው?» አለቻት ጦቢያ ከታች።

ራስጌው ከመሬት ተነሳ። ያ የበርበሬ ቀይ ከግራጫው ግድግዳ ጋር ሲታይ፣ ወላሂ፣ ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ዓይን ይጠራል። «ወሎ ሰፈር! ወሎ ሰፈር!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት መጣራቱን ትቶ አንጋጠጠ። ካፌ የተቀመጡት ስልካቸውን አወጡ። የእድር ሴቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። ቡዜ ደግሞ መድረክ አገኘች።

«አልጋውስ መጣ! ሙሽራው የታለ እንግዲህ?»

ጦቢያ ዓይኗን ከገመዱ ሳታነሳ «እሱ አልተጋበዘም!» አለች።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ራሴን መያዝ አቃተኝና እልልታዬን ለቀቅኩት፤ አንድ ሁለት ሴቶች ተቀበሉኝ።

ሳቁ ሳያልቅ ራስጌው የቡዜ ልብስ ማስጫ ሽቦ ውስጥ ገባ። ከላይ ቢስቡት ሽቦው አልለቅ አለ፤ አንዱ ጎን ዘምበል ብሎ ወደ ግድግዳው መሽከርከር ጀመረ። ወደ ውጭ የሚጎትተው የታችኛው ገመድ ከያዘው ሠራተኛ እጅ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ። ዳግም ከመኪናው የወረደው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። ገመዱ የወደቀው እግሩ ሥር ነው።

«አንተ! ያዝልን!» ብሎ ጮኸ ኢተፋ፣ ማን መሆኑን ሳያውቅ።

ዳግም ገመዱን አየ። እናቱን አየ። የተሰበሰበውን ሰው አየ። እጁን ከሱሪው ኪስ አላወጣም።

ጦቢያ ሮጣ ሄዳ ገመዱን ከልጇ እግር ሥር አነሳችው። መዳፏ ላይ ጠመጠመችውና ወደ ኋላ ተንጋለለች። እኔ ወገቧን ያዝኩ፤ ሌላ ሴት ደግሞ እኔን ያዘች። ቡዜም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ከላይ ሽቦዋን ራሷ ፈታችው። ራስጌው ከግድግዳው ራቀ፣ ተስተካከለ፣ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ሕፃን ታቅፈው አስገቡት።

ጦቢያ ገመዱን ስትለቅ መዳፏ ቀልቷል። ዞር ስትል የዳግም መኪና ከግቢው እየወጣ ነበር።

«ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ።»

«ይሂድ» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቃሉ አልጠነከረም። ነጠላዋን አስተካከለችና ደረጃውን ወጣች።

አልጋው ተገጣጥሞ ሰዎቹ ሲወጡ እኔንም «አንቺም ሂጂ በቃ» አለችኝ። አልተቀየምኩም። ከሰዓት መዳፏን ላይላት ቅባት ይዤ ወጥቼ ባንኳኳ መልስ አጣሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍ ታንኮራፋለች።

ዳግም ለረጅም ጊዜ አልመጣም። አንዳንዴ ልደት ብቻዋን ትመጣለች፤ ስለ ባሏ አታነሳም፤ እናትየዋም አትጠይቃትም። ጦቢያ እየደወለች አልለመነችውም። ሱቄ ተቀምጣ ስልኳን ገልብጣ ስታየው ግን አይቻታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቀን መፍቻ ይዞ መጣ፤ ጦቢያ አስቀድማ አስፈትታ መተላለፊያው ላይ ያቆመችውን የዋንዛ አልጋ ሊወስድ። እኔ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ቀዩን አልጋ አየው።

«ትልቅ ነው» አለ።

«ትልቅ ነው» አለችው።

ገባና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ቁልፍ በጣቱ ተጫነው። «አባዬ ታሞ ሳለ ለምን አልነገርሽኝም? ሌላ አልጋ እገዛልሽ ነበር እኮ።»

«ትመጣ ነበር ዳግም። ወለል ላይ ስተኛ ታየኝ ነበር።»

እሱም ይቅርታ አልጠየቀም፤ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነስቶ የአያቱን አልጋ ራሱ ተሸክሞ አወረደ፤ መታጠፊያው ላይ ስንቴ እንዳረፈ ድምፁ ይሰማን ነበር። ከዚያ ወዲህ ይመጣል። ልደት እንደነገረችን ዋንዛው ራስጌ ላይ ትራስ ደርድሮ ነው የሚቀመጠው።

ጋሽ ዋቅጋሪ ግን ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም። አልጋውን እስከ ዛሬ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ሲመጡ የመኝታ ቤቱ በር ከተከፈተ ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ። ጦቢያም አትዘጋውም።

ባለፈው እሁድ እሷ ከቂርቆስ ቅዳሴ ተመልሳ፣ ሬዲዮ ከፍታ፣ እግሯን ዘርግታ ተደግፋበታለች፤ እኔ ደግሞ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የአንሶላ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ዋቅጋሪ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተጋድሜያለሁ።»

«አሞሽ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ በዚህ በጠራራ ፀሐይ?»

«ታዲያሳ!» አለችና ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ አደረገችው።